የራሳቸውን ተዝካር የበሉ ሰዎች

ሠርካለም ነጠላዋን ደርባ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል ስልኳ ጮኸ። መልእክቱ ምን እንደሚል ሳትከፍተው አውቃዋለች። «የቤተሰብዎ አባል የአቶ አዛናው ሞት ተመዝግቧል። ነፍስ ይማር።»

አቶ አዛናው ግን ከፊቷ መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከጋቢው ሥር የወጣ ቱቦ ወለሉ ላይ ወዳለው ከረጢት ሽንታቸውን ያንጠባጥባል። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነው። ታመዋል፣ ጾሙ ይቅርብዎ ቢባሉ እንኳን ሊሰሙ ጭራሽ ተቆጥተዋል።

«ዛሬም ሞትሁ?» አሉ።

«ዛሬም።»

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጀ።» ሊስቁ ጀመሩና ሆዳቸውን ሲወጋቸው ከንፈራቸውን ነከሱ።

ሠርካለም አልሳቀችም። መጀመሪያ ቀን ስቃለች፤ በማግስቱም ትንሽ ፈገግ ብላለች። አሁን ሳቋ አልቆ ንዴት ብቻ ነው የቀራት። አንጀቷን የሚያሳርረው ደግሞ አጎቷን በየማለዳው የሚገድለው የገዛ ቢሮዋ መሆኑ ነው። ትናንትም እንደ ወትሮው ከሥራ ከመውጣቷ በፊት በእጇ «በሕይወት አሉ» ብላ አስተካክላቸው ነበር። ሌሊቱን ማሽኑ መልሶ ገደላቸው።

የምትሠራው ወረታ ላይ፣ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ ማዶ ባለው የመዝገብ አስማሚ ክፍል ነው። የክፍሉ ሥራ ሲያወሩት ቀላል ነው። የአንድ ገበሬ ስም ሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ ልደትና ሞት መዝጋቢዎቹ ዘንድ፣ መሬት ዘንድ፣ ጤና መድን ዘንድ። ሦስት ቦታ የተጻፈ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ ሦስት ሰው መሆን ይጀምራል። አንዱ ጋ ባለትዳር፣ ሌላው ጋ ፈት፣ ሦስተኛው ጋ ጭራሽ ያልተወለደ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት ማሽኑ ሦስቱን ቅጂዎች ያስተያይና የማይስማሙበትን ነገር በተሰጠው ደንብ ያስማማል። ከደንቦቹ ሁሉ ጉልበተኛው የሞት ደንብ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሞቷል ካለ የሁለቱ «አለ» ማለት ዋጋ የለውም። ሞት ይረታል፤ ጠዋት ሲሆን ሰውየው ሦስቱም ዘንድ ሞቶ ይገኛል።

ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ይህን ሠርካለምም አትክድም። በፎገራ ሜዳ ላይ ሙታን ማዳበሪያ ሲወስዱ፣ ሙታን መሬት ሲያከራዩ፣ ሙታን ስብሰባ ተገኝተው ሲፈርሙ ኖረዋል። የሞተ ሰው አይነሣም፣ ስለዚህ አንዴ ሞቷል የተባለ ይጽና ተባለ፤ ተጨበጨበ። ሳይሞት ሞቷል ተብሎ የተጻፈ ሰው ቢመጣስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ሰው ማንሣት የሚችለው ባሕር ዳር ያለው ማዕከል ብቻ ነው፤ ለማዕከሉ ጥያቄ የሚሄደው ደግሞ በክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ነው። ሠርካለም አንዱ ቅጂ ላይ አለ ብላ ብታስተካክል ሌሊት ሁለቱ ይረቱታል፤ ወረታ ቁጭ ብላ ሰው መግደል ትችላለች፤ ማዳን ግን አትችልም።

አዛናው እንዴት እንደሞቱ ሲነገር ጉድ ያሰኛል። ልጅ የላቸውም፤ ሚስታቸው ካረፉ ቆይቷል። ሠርካለም የወንድማቸው ልጅ ናት፤ አባቷ ሲሞት ወስደው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ የቁም ተዝካራቸውን አወጡ። በፎገራ ሜዳ ወራሽ የሌለው ወይም ወራሹን የማያምን ሽማግሌ እንዲህ ያደርጋል። ሳይሞት ዳስ ያስጥላል፣ በሬ ያሳርዳል፣ ካህናቱን ጠርቶ ያስጸልያል፣ ድሃውንና ጎረቤቱን ያበላል፤ ስሞት ተዝካሬን ማን ያወጣልኛል ከሚል ሐሳብም ይገላገላል። አዛናው ዳሳቸው ሥር ተቀምጠው የራሳቸውን ተዝካር በሉ። «ጠላው ቀጥኗል፤ ሟቹ ስስታም ነበር መሰለኝ» እያሉ ሰውን ሲያስቁ ዋሉ።

ከዚያ ያልተመዘገበ ሞት የማጽዳት ዘመቻ የሚባል መጣ። ገበሬ ሰው ሲሞትበት የሚሄደው ቤተ ክርስቲያን እንጂ ቀበሌ አይደለም፤ ስለዚህ ዘመቻተኞቹ በየአጥቢያው እየዞሩ ተዝካር የወጣለት ማን ማን ነው ብለው ጠየቁ። የተጠራውን ስም ሁሉ ሞቷል ብለው አስገቡ። ከሩቅ የመጡ ሰዎች ቢሆኑ አላወቁም በተባለ ነበር። የዚሁ አገር ልጆች ናቸው። የቁም ተዝካር ምን እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ከአዛናው ዳስ ሥር ሥጋ የቆረጡም ነበሩባቸው። ግን ኮምፒውተሩ ላይ ሞተ ወይስ አልሞተም እንጂ ሳይሞት ተዝካሩን አወጣ የሚል ቦታ አልነበረም፤ ቦታ ላልተሰጠው ነገር ደግሞ የሚጨነቅ አልተገኘም።

ዘመቻው ለቤተሰብ መልእክት ስላልላከ ዓመት ሙሉ አዛናው መሞታቸውን ሳያውቁ ሩዛቸውን ዘርተው አጨዱ። ጉዱ የወጣው ሽንት እንቢ ሲላቸው ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ስለዋጠው ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው፣ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ እየገቡ አስፋልት አደረሷቸው። ጤና ጣቢያው ቱቦ አስገባላቸውና ባሕር ዳር ወዳለ ሆስፒታል ጻፈላቸው። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ሐኪሙ አይቷቸው «ፕሮስቴት ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ቀዶ ሕክምና ይሠራላቸዋል። ከዚያ እንዳያልፍ፤ ካለፈ ኩላሊታቸውን ይነካዋል» አለ። ሠርካለም ደስ ብሏት አልጋ ልታስይዝ ካርድ ክፍል ሄደች።

«እኒህ ሰውዬ እኮ ሞተዋል» አላት የካርድ ክፍሉ ሰው።

«እኒህ ፊትህ የቆሙት?»

«እኔ የማየው ስክሪኑን ነው፣ እህቴ።»

የጤና መድኑ ይቅር፣ በገንዘቤ ላሳክማቸው አለች። በገንዘብም ቢሆን ስም ያስፈልጋል፤ በሞተ ሰው ስም ካርድ አይወጣም አላት። ክፉ ሰው አልነበረም። እስከ ዋዜማው፣ እስከ ረቡዕ ማታ ስማቸው ከተስተካከለ አልጋውን አቆይላቸዋለሁ፣ ካለፈ ለተረኛው ይሰጣል ብሎ ቃል ገባላት። ዛሬ የቀጠሮው ሳምንት ማክሰኞ ነው።

ቢሮ ስትደርስ በቀጥታ የገባችው ኃላፊዋ ይሄይስ ዘንድ ነው። ይሄይስ የአንበሳሜ ልጅ ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ሁልጊዜ ለስብሰባ የተዘጋጀ። ከጀርባው ግድግዳ ላይ ክፍሉ መረጃውን መቶ በመቶ አስማምቷል ተብሎ የተሸለመው የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል።

«አቶ ይሄይስ፣ ያቀረብሁት ጥያቄ ለማዕከሉ ሄደ ወይ?»

«የትኛው?»

የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ወረቀቱ ክርኑ ሥር ነው ያለው።

«የአጎቴ፣ የአቶ አዛናው።»

«ሠርካለም፣ የራስሽን ዘመድ ጉዳይ ይዘሽ ቢሮዬ መግባት የለብሽም። የጥቅም ግጭት ይባላል።»

«እሽ፣ የኔን ይተዉት። በረንዳው ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ሲገቡ አላዩአቸውም? ሁሉም የቁም ተዝካራቸውን ያወጡ ናቸው፤ ሁሉም ሞታችኋል ተብለዋል። እነሱስ የማን ዘመድ ናቸው?»

«ኮሚቴው ከአዲስ ዓመት በኋላ ይሰበሰባል። ያኔ በጥናት ይታያል።»

«አልጋቸው የሚቆየው እስከ ነገ ማታ ነው እኮ።»

ይሄይስ ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዳ ድምፁን አለዘበ። «ተረጋጊ። ሲስተሙ አልተሳሳተም። ሦስቱን ቅጂዎች ክፈቻቸው፤ ሦስቱም አንድ ቃል ነው የሚናገሩት። ልዩነት የለም። እኛ የተቀጠርነው ልዩነት እንዳይኖር ነው።»

«ሦስቱም ተስማምተው ቢዋሹስ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሦስት ሰው ተማክሮ በሐሰት ቢመሰክር እውነት ይሆናል ወይ ማለቴ ነው። ልዩነት ቢኖር እኮ ይሻለን ነበር። ቢያንስ አንዱ ዘንድ አጎቴ በሕይወት ይኖሩ ነበር፤ እሱን ይዤ እሟገት ነበር። እርስዎ ግን አስማማሁ ብለው እውነቱን ከሦስቱም ቦታ አጠፉት።»

ይሄይስ በሩን አየት አደረገና ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «አንድ መንገድ አለ። በክርስትና ስማቸው እንደ አዲስ ሰው መዝግቢያቸው። ይታከማሉ።»

«መሬታቸውስ? ያ ሞተ የተባለው አዛናው የያዘው የሩዝ መሬት ለማን ሊሆን ነው?»

ይሄይስ ትከሻውን ሰበቀ።

ሠርካለም ደሟ ፈላ። አንድን ሰው ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሊያሳክሙ፣ ግማሹን ሊቀብሩ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጭቃ ሲረግጥበት የኖረውን መሬት ጥሎ በባዶ እጁ ዳግም እንዲወለድ ነው የሚነገረው። ይሄይስ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለምን እንደሆነም ገብቷታል። አንድ የተሳሳተ ሞት አለ ብሎ ለማዕከሉ ከጻፈ መቶ በመቶው ይጎድልበታል። ግድግዳው ላይ ያለችው ወረቀት ልትወርድ ነው። ለዚያች ወረቀት ሲል የሰው ኩላሊት ይበስብስ ነው የሚለው፤ በአፉ ባይለውም።

«እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው እየሞተብዎ ነው» አለችው።

«ከቢሮዬ ውጪልኝ» አላት።

በረንዳው ላይ እነዚያው ሰዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከጫፍ ያሉት እማሆይ ወለተ ሐና ናቸው፤ ከይፋግ በመኪና እየተመላለሱ ጫማቸው አልቋል። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በመድን የሚወስዱበት ካርድ ከተዘጋባቸው ወዲህ መድኃኒት የሚባል ነገር አላዩም። ቆባቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

«እንዴት ሆነ፣ እናቴ?»

«ዛሬም አልሆነም፣ እማሆይ።»

«እንግዲያ እንጠብቃለና። ሙት ደግሞ ምን ሥራ አለው ብለሽ።» አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ሠርካለም ፊቷን አዞረች። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ለምሳ ቤቷ ስትደርስ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ደም መስሏል። አዛናው ግድግዳውን ተደግፈው ይንቀጠቀጣሉ፤ ግንባራቸውን ስትነካው ይፋጃል።

«ሠርኪ፣ ወደ ቤቴ መልሽኝ» አሏት።

«ሐሙስ ይታከማሉ።»

«ተይ። ተዝካሬን አውጥቻለሁ። የቀረኝ መሞት ብቻ ነው፤ እሱን እንኳ በቤቴ ልሙት። በሰው አገር እየገደላችሁ አታስነሡኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልነበረበትም። እኒህ ሰው ክረምት ክረምት ጎርፉን በትከሻቸው አሻግረው ነው ትምህርት ቤት ያደረሷት፤ ደብተሯ እንዳይርስ ባርኔጣቸው ውስጥ ይከቱት ነበር። ተማሪ፣ ኮምፒውተር እወቂ፣ ቢሮ ግቢ ያሏት እሳቸው ናቸው። ተምራ፣ አውቃ፣ ገብታ አሁን የገደላቸው ቢሮ ደመወዝተኛ ሆናለች። ማልቀስ አማራት፤ እንባው ግን እንቢ አላት። ጎረቤቷን ጠርታ አደራ ብላ፣ ጤና ጣቢያ ደውላ ሐኪም ላኩልኝ ብላ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ይሄይስ ከመስታወቱ ወዲያ ስልክ እያወራ ይስቃል። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አዲስ ሞት የሚመዘገብበትን ገጽ ከፈተች።

ስም ሲላት ይሄይስ ብላ ከነአባቱ ስም ጻፈች። የትውልድ ቦታ ሲላት አንበሳሜ አለች። ማስረጃ ሲላት ማሽኑ ራሱ ካቀረበላት ምርጫ ውስጥ ተዝካር የሚለውን ነካች። ማን አየ፣ የት ተቀበረ፣ ሐኪም ምን አለ ብሎ የጠየቃት የለም። ለአጎቷም እንደዚሁ አልጠየቀም። ከሥራ እንደምትባረር፣ ምናልባትም እንደምትታሰር ታውቃለች። ግን የዚህን ሰው ጆሮ የሚከፍት ሌላ ነገር በዓለም ላይ አልታያትም። አጽድቂ የሚለውን ተጫነችና ኮምፒውተሯን ዘግታ ወጣች።

ረቡዕ ጠዋት፣ በጤና ጣቢያው መርፌ ትኩሳታቸው በረድ ያለላቸውን አጎቷን ለጎረቤቷ ትታ ወደ ቢሮው ስትጠጋ ለቅሶ ሰማች። ለቅሶው የእውነት ለቅሶ ነበር። ሚኒባስ በሩ ላይ ቆሟል፤ ነጠላቸውን የዘቀዘቁ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ይወርዳሉ። ከመካከላቸው አንዷ ፊቷን ቧጥጣ ደም አውጥታለች። የይሄይስ ሚስት አማከለች ናት። ፍልሰታን እናቷ ዘንድ አንበሳሜ ልትጾም ሄዳ ነበር። ንጋት ላይ የባለቤትዎ ሞት ተመዝግቧል፣ ነፍስ ይማር የሚል መልእክት ደረሳት። ባሏ ስልክ ላይ ብትደውል ኔትወርኩ አልይዝ አላት። ሀገር ምድሩን አስነሥታ መጣች።

ይሄይስ ግርግሩን ሰምቶ ከቢሮው ብቅ ሲል ተያዩ። አማከለች መሬት ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ለቅሶውን በየት በኩል እንደሚያቆሙት ግራ ገባቸው።

ሠርካለም ይህን አላሰበችውም ነበር። የይሄይስን ፊት እንጂ የሚስቱን ፊት አላሰበችም። ያ የተቧጠጠ ፊት ሲታያት እፍረት ሸነቆጣት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷም ተናደደች።

አማከለችን አንሥተው ወንበር ላይ አስቀመጧት፤ ውሃ ሰጧት። ይሄይስ ኮምፒውተሩን ሊከፍት ሞከረ፤ የይለፍ ቃሉን ማሽኑ አልቀበል አለው። የሞተ ሠራተኛ ሲስተም ውስጥ አይገባም። ፊቱ አመድ መሰለ። ስልኩን አንሥቶ ባሕር ዳር ማዕከሉ ደወለ።

«እዮብ፣ ወንድሜ፣ ይሄይስ ነኝ። … አዎ፣ እኔው ነኝ። አንድ ስሕተት ተፈጥሯል፣ ስሜ ሞቶ ተመዝግቧል። … ሦስቱም ላይ። … እሽ። እሽ። ተባረክልኝ።»

ይኸው ነበር። ማመልከቻ የለ፣ ኮሚቴ የለ፣ ጥናት የለ። አማከለች የያዘችውን ውሃ ጠጥታ ሳትጨርስ ባሏ በሦስቱም ቅጂዎች ላይ ተነሣ።

ሠርካለም በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ቀስ ብላ ገባች።

«በስልክ ይሆን ነበር?» አለች።

ይሄይስ ዞሮ አያት። ያኔ ገባው። «አንቺ ነሽ።»

«በስልክ ይሆን ነበር ወይ ነው ያልሁዎት። ይህን ያህል ቀን አጎቴ በሽንታቸው ሲቃጠሉ አንድ ስልክ መደወል ነበር የሚበቃው?»

«ፖሊስ እጠራለሁ። ዛሬውኑ ትባረሪያለሽ።»

«ልባረር። እኔ አድርጌዋለሁ፤ አልክድም። መጀመሪያ ግን ይደውሉ።»

አማከለች ከወንበሯ ተነሣች። ዓይኗ ደም ለብሷል። «እኔን ነው የገደልሽኝ» አለቻት። «ልጆቼን ምን ብዬ እንደቀሰቀስኋቸው ታውቂያለሽ?»

ሠርካለም አንገቷን ደፋች። «እትዬ አማከለች፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎን አላሰብሁም ነበር፤ በእርስዎ ላይ የሠራሁት ግፍ ነው።» ስልኳን አውጥታ ዘረጋችላት። «ግን ይዩት። ለእርስዎ ዛሬ የመጣው መልእክት ለኔ በየማለዳው ነው የሚመጣው። አጎቴ በሕይወት አሉ። ነገ ካልታከሙ የእውነት ይሞታሉ። ባለቤትዎን ይደውሉልኝ ብዬ ለመንሁ፤ ኮሚቴው ከአዲስ ዓመት በኋላ ይየው አሉኝ።»

አማከለች መልእክቶቹን ወደ ላይ እየገፋች አየች። ሁሉም አንድ ናቸው። ስታይ ቆየችና ወደ ባሏ ዞረች።

«እውነቷን ነው?»

«ነገሩ እንዲህ በቀላሉ …»

«እውነቷን ነው ወይ ነው ያልሁህ።»

ይሄይስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ገለበጠው።

«ደውል» አለችው።

«አማከለች፣ ይህ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ …»

«ከአንበሳሜ እስከዚህ ድረስ አንተን ስቀብር ነው የመጣሁት። ደውል።»

ደወለ። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ያድርጉት አለች ሠርካለም፤ አደረገው። የአጎቷን ስምና የመታወቂያ ቁጥር እሷ እየነገረችው እሱ ደገመው። ባሕር ዳር ያለው እዮብ ሲጽፍ የሚሰማው የቁልፎቹ ድምፅ ብቻ ነበር።

«አዛናው … አገኘኋቸው» አለ እዮብ። «ማስረጃ፣ ተዝካር ይላል። የምን ማስረጃ ነው ይኼ? እናቴም እኮ በቁሟ አውጥታለች፤ ይኸው ዛሬም ትቆጣኛለች። በቃ፣ አንሥቻቸዋለሁ። መዝገቡንም ቆልፌዋለሁ፤ ሌሊት ማሽኑ አይነካቸውም።»

ሠርካለም ወደራሷ ኮምፒውተር ሮጣ ሦስቱን ቅጂዎች ከፈተች። አለ፣ አለ፣ አለ። ለካርድ ክፍሉ ሰው ደወለች፤ ገባና አየላት፤ አልጋው ተያዘ። ከዚህ በኋላ ቤቷ ሄዳ አጎቷን ይዛ ባሕር ዳር መውረድ ብቻ ነው የቀራት። ቦርሳዋን አነሣች።

ከይሄይስ ቢሮ የእዮብ ድምፅ ገና ይሰማል። «ሌላ አለ? ካለ አሁኑኑ በለኝ፤ የደቂቃ ሥራ ነው።»

«የለም» አለ ይሄይስ። «ሌላ የለም።»

ሠርካለም በረንዳው ላይ ያሉትን ከመስኮቱ አየቻቸው። ዛሬም ከነጫማቸው ጭቃ አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ይሄይስም ከተቀመጠበት ያያቸዋል፤ ቀና ቢል ዓይን ለዓይን ነው። እያያቸው ነው የለም ያለው። እስከዚያች ደቂቃ የተናደደችው ለአጎቷ ነበር። አሁን የመጣባት ንዴት ሌላ ነው፤ እግሯን ራሱ ይዟት ሄደ። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና ገብታ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው።

«አለ» አለች። «እዮብ፣ እንዳትዘጋው። አለ፣ ብዙ አለ።»

«ስልኬን አምጪ» አለ ይሄይስና ተነሣ። አማከለች ከፊቱ ቆመች፤ አልነካችውም፣ ዝም ብላ ቆመች። ተመልሶ ተቀመጠ።

ሠርካለም በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «እማሆይ፣ ይግቡ። ሁላችሁም ግቡ፤ ሰልፍ ያዙ።»

እማሆይ ወለተ ሐና በትራቸውን እየቆረቆሩ ገቡ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ጮኹበት። «ወለተ ሐና ነኝ። አገሬ ይፋግ ነው። አልሞትሁም።»

«እማሆይ፣ ይሰማኛል፤ አይጩሁ» አለ እዮብ።

«ዝም ብል አይደል የቀበራችሁኝ» አሉት፤ የመታወቂያ ቁጥራቸውንም እንደዚያው እየጮኹ ነገሩት።

እዮብ ጽፎ ጨረሰ። ይሄይስ በሌላ ስልክ የጥበቃውን ኃላፊ እየጠራ ነበር፤ በደረጃው ላይ የጫማ ድምፅ መጣ። ሠርካለም ወደዚያ አልዞረችም። ስልኩን ከእማሆይ ተቀብላ ከኋላቸው ለቆሙት ሽማግሌ ዘረጋችላቸው።

«ቀጣይ» አለች።